ቪዛ ተከለከልሁ፤ ምን ላድርግ? የወሎ አንባቢዎቻችን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የዚህ ወር ዓምዳችን በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ተሰጥቷል። ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻና ከቆቦ፣ እንዲሁም ከእነዚሁ አካባቢዎች ወጥተው በውጭ አገር ከሚማሩ ልጆች ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ተማሪ ቪዛ ነው። ለሌላውም ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት ሳንገልጽ፣ አሳጥረን አቅርበናቸዋል። የክፍያና የገንዘብ መጠን በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ እዚህ የተጻፈውን ቁጥር ማመልከቻችሁን በምታስገቡበት ሳምንት ከኤምባሲው ወይም ከአገሩ መንግሥት ድረ ገጽ ጋር እንድታመሳክሩት አደራ እንላለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ እዚህ ደሴ በአንድ ሆስፒታል የሕሙማንን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በሚያዛውረው ክፍል ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በጤና መረጃ ሥርዓት ለማስተርስ ተቀብሎኝ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ ልኮልኝ ነበር። አዲስ አበባ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ሦስት ጥያቄ ብቻ ተጠየቅሁ። ይህን ዩኒቨርሲቲ ለምን መረጥህ ስባል «ጥራት ያለውና በዓለም የታወቀ ስለሆነ» አልሁ። ማን ይከፍልልሃል ስባል «አጎቴ፤ ነጋዴ ነው» አልሁ። ስትጨርስ ምን ታደርጋለህ ስባል «አገሬን ስለምወድ እመለሳለሁ፤ አባቴም መሬት አለው» አልሁ። መልሶቹን ያስጠናኝ ሰነዶቼን ያዘጋጀልኝ ደላላ ነው። ይዤ ከሄድሁት የወረቀት ክምር አንዱም ሳይታይልኝ አንቀጽ 214 ቢ የሚል ወረቀት ተሰጥቶኝ ተመለስሁ። ደላላው አሁን ደግሞ «የተከለከልኸው የባንክ ሂሳቡ ስላነሰ ነው፤ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚያሳይ የባንክ ደብዳቤ አሠራልሃለሁ» ይለኛል። ይግባኝ ማለት ይቻላል? ወይስ የእሱን ሐሳብ ልቀበል?

መልስ፦ አብሽር ወንድማችን፤ ያጋጠመህ ነገር የሚስተካከል ነው። ከሁሉ አስቀድመን ግን የደብዳቤህን የመጨረሻ ጥያቄ እንመልስ፦ የደላላውን ሐሳብ አትቀበል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ቪዛ ለማግኘት ሲል የተጭበረበረ ሰነድ ያቀረበ ወይም ውሳኔን በሚለውጥ ጉዳይ ላይ ሐሰት የተናገረ ሰው ወደዚያ አገር እንዳይገባ የሚጣልበት ክልከላ የጊዜ ገደብ የለውም። ነገ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በሌላ ሙያ ታዋቂ ሆኖ ቢያመለክት እንኳ ያ መዝገብ ይከተለዋል። እንግሊዝ በተመሳሳይ ጥፋት እስከ 10 ዓመት፣ ካናዳ ደግሞ 5 ዓመት ታግዳለች። አሁን የደረሰብህ የ214 ቢ ክልከላ ግን እገዳ አይደለም። ደላላው እንደገና እንዲከፈለው ይፈልጋል፤ የሐሰት ወረቀቱ በተያዘ ቀን ግን ስሙ በየትኛውም ሰነድ ላይ አይገኝም፤ የሚጠየቀው ፓስፖርቱ የእሱ የሆነ ሰው ብቻ ነው።

አንቀጽ 214 ቢ እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ውስጥ ይገኛል። ሕጉ ጊዜያዊ ቪዛ የሚጠይቅን ሰው ሁሉ በዚያው ሊቀር እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይገምታል፤ ይህን ግምት የማፍረስ ሸክም ደግሞ የአመልካቹ ነው። ስለዚህ «214 ቢ ተሰጠኝ» ማለት ዋሽተሃል ወይም ብቁ ተማሪ አይደለህም ተብለሃል ማለት ሳይሆን፣ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ቆንስሉን አላሳመንኸውም ማለት ነው። በዚህ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም። ሁለተኛ ለማመልከት ግን የሚከለክልህ የለም፤ ዲኤስ-160 የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ እንደገና ሞልተህ፣ የማይመለሰውን 185 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ እንደገና ከፍለህ ቀጠሮ ትይዛለህ። ለሴቪስ፣ ማለትም ለውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት፣ የከፈልኸው 350 ዶላር ግን ከተከለከልህበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ሳይሞላ ለዚያው የቪዛ ዓይነት ካመለከትህ ዳግመኛ አይጠየቅም። በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የጸደቀ የአሜሪካ ሕግ ቪዛው ለሚሰጣቸው ሰዎች የ250 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ስለደነገገ፣ መክፈል በምትጀምርበት ጊዜ ይህም ሥራ ላይ መዋሉን ጠይቅ።

አሁን ወደ ሦስቱ መልሶችህ እንመለስ፤ የከለከሉህ እነሱ ናቸው ብለን እናምናለን። «ጥራት ያለውና በዓለም የታወቀ ስለሆነ» የሚለው መልስ ለየትኛውም ዩኒቨርሲቲ፣ በየትኛውም ተማሪ አፍ ሊነገር ይችላል። ቆንስሉ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ጧት ከአንተ በፊት ከቆሙት ሰምቶት ይሆናል፤ ምክንያቱም ደላላው የሚያስጠናው አንተን ብቻ አይደለም። አንተ ግን ማንም የሌለው መልስ ነበረህ። በሆስፒታል ሁለት ዓመት ሙሉ የሕሙማንን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ስታስገባ ኖረህ፣ አንድ ሕመምተኛ በሁለት ካርድ ቁጥር ተመዝግቦ ሲገኝ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው ሲቆም፣ የላቦራቶሪ ውጤት ከሐኪሙ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር በዓይንህ አይተሃል። ይህን ችግር መፍታት ስለምትፈልግ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጡትን እነዚህንና እነዚህን ኮርሶች መርጫለሁ ብትል፣ እውነትም ነው፣ የአንተም ነው። በደብዳቤህ መግቢያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍኸው ይህ ሥራህ ከያዝኸው የወረቀት ክምር ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ለቆንስሉ ግን አንድም ቃል አልነገርኸውም።

የገንዘቡም ጥያቄ እንዲሁ ነው። «አጎቴ፤ ነጋዴ ነው» የሚለው መልስ ሌላ ጥያቄ ይጠራል። አጎትህ ምን ይነግዳል? ስንት ዓመት ነገደ? የራሱ ልጆች እያሉ ያንተን ለምን ይከፍላል? በአይ-20 ላይ የተጻፈውን የዓመት ወጪ በቁጥር ታውቀዋለህ? ምሥጢር ሳይሆን አንተ ማወቅ የሚገባህ ነገር ስለሆነ፣ ከአጎትህ ጋር ቁጭ ብለህ ጠይቀው፤ የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ እንዴት እንደምትሸፍኑት ካልተነጋገራችሁ ደግሞ ችግሩ ከቪዛውም የባሰ ነው።

የመመለሱን ጉዳይ በተመለከተ፣ አገር መውደድ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን በመስኮቱ ፊት የሚቆመው ሁሉ የሚለው ነው። የአባትህም መሬት የአባትህ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት ወጣት ቤትና መኪና የሚጠብቅ የለም፤ የሚጠበቀው ከትምህርቱ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ያሰበበት መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤትህ ሥራህን እንደሚጠብቅልህ የሚገልጽ እውነተኛ ደብዳቤ ከሰጠህ ያዝ፤ ባይሰጥህም በአገራችን ሆስፒታሎች መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየተዛወረ መሆኑን፣ ለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ማን እንደሚቀጥርና ምን እንደምትሠራ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ትችላለህ። የሌለህን ነገር ግን አለኝ አትበል።

ሁለተኛውን ዲኤስ-160 ስትሞላ ቀደም ሲል ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ ወይ ለሚለው ጥያቄ «አዎን» በል፤ እነሱ ዘንድ ተመዝግቧል፤ መደበቅህ ብቻ ነው አዲስ ጥፋት የሚሆነው። ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀምህባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች በሙሉ ጻፍ። ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮም የተማሪ ቪዛ አመልካቾች ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዝዘዋል። ቅጹን ደላላው ሞልቶት ከሆነ ያስገባውን ሁሉ ቅጂ ተቀበለውና መስመር በመስመር አንብበው፤ አንተ የማታውቀው የሥራ ልምድ ወይም ዘመድ ተጽፎልህ ልታገኝ ትችላለህ። ስህተት ካገኘህ በአዲሱ ቅጽ ላይ እውነቱን ጻፍ፤ ከተጠየቅህም የቀድሞውን ማን እንደሞላው ሳትሸሽግ ተናገር።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም በከሚሴና በሸዋ ሮቢት በኩል እንዳለፉት ዓመታት ድንገት ሊዘጋ ይችላል። ለቀጠሮ ዋዜማ ማታ ለመድረስ አትነሡ። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ፤ አቅም ያለው ደግሞ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይምጣ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ያደረ ልጅ ጧት በመስኮቱ ፊት የራሱን ታሪክ እንኳ በቅጡ መናገር ያቅተዋል።

ጥያቄ፦ እኔ በሐይቅ ከተማ እህል የምነግድ የአራት ልጆች አባት ነኝ። ታላቋ ልጄ ጂዳ በሰው ቤት እየሠራች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟን የምታስተምረው እሷ ናት። ልጁ በእንግሊዝ አገር ከለንደን ውጪ ባለ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ተቀባይነት አግኝቷል። እስካሁን ገንዘቡ የሚመጣው በባንክ ሳይሆን በሰው በሰው ነበር፤ እኔም ከፊሉን በቤት፣ ከፊሉን በንግዱ ውስጥ ነው የማኖረው። የጎደለውን ከዘመድ ተበድሬ ባንክ አስገብቼ፣ ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ብመልስስ? አንድ የማውቀው ሰው ለአሥር ቀን ካስቀመጡት ይበቃል ብሎኛል። ልጄስ ከጂዳ «እኔ ነኝ የምከፍለው» ብላ ብትጽፍ ይቀበሏታል?

መልስ፦ አባታችን፣ አሥር ቀን አይበቃም። የእንግሊዝ ሕግ የሚጠይቀው ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀናት በሂሳቡ ውስጥ መቆየቱን ነው። ከ28ቱ ቀናት በአንዱ እንኳ ከተፈለገው መጠን አንድ ፓውንድ ቢጎድል ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። የባንክ መግለጫው የሚያበቃበት ቀንም ልጁ ከሚያመለክትበት ቀን ከ31 ቀን በላይ የራቀ መሆን የለበትም። እርስዎ ነጋዴ ስለሆኑ ይህ ከባድ ነው፤ በአዝመራ ጊዜ እህል ለመግዛት ከዚያ ሂሳብ ለሁለት ቀን ብቻ ቢያወጡ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ሂሳብ ይክፈቱና አይንኩት።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያ ገና ያልተከፈለው የአንደኛ ዓመት ቀሪ፣ በዚያ ላይ የ9 ወር መኖሪያ መታየት አለበት። ከኅዳር 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመኖሪያው መጠን ከለንደን ውጪ በወር 1,171 ፓውንድ ነው፤ ለ9 ወር 10,539 ፓውንድ ይሆናል ማለት ነው። በለንደን ቢሆን በወር 1,529 ነበር። ገንዘቡ በብር ከተቀመጠ መርማሪዎቹ ልጁ ባመለከተበት ቀን በነበረው ምንዛሪ ወደ ፓውንድ ይለውጡታል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ብሩ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ፣ ልክ በልክ አስቀምጦ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ በቂ ትርፍ ይኑረው። ከዚህ ሌላ የጤና አገልግሎት ክፍያ አለ። በዓመት 776 ፓውንድ ሲሆን፣ ቪዛው ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ወራት ስለሚጨምር የአንድ ዓመት ማስተርስ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ተኩል፣ ማለትም 1,164 ፓውንድ፣ ከማመልከቻው ጋር በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ብዙ ቤተሰብ የሚደናገጠው ይህኛውን ሳያስበው ስለሚቀር ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ። የእኅት ሂሳብ በእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ አይሠራም። የሚቀበሉት የተማሪውን የራሱን፣ የወላጆቹን ወይም የሕጋዊ አሳዳጊውን፣ የትዳር ጓደኛውን ሂሳብ፣ ወይም ደግሞ የመንግሥትና የመሳሰለውን ይፋዊ ድጋፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እሷ ደብዳቤ ብትጽፍም አይረባም፤ ይልቅ ገንዘቡን በሕጋዊ መንገድ፣ በባንክ በኩል፣ ወደ ልጁ ወይም ወደ እርስዎ ሂሳብ ትላክና 28ቱን ቀን ይቁጠር። በእርስዎ ሂሳብ ከሆነ ልጁ የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ፣ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተሰጠ የልደት የምስክር ወረቀትና ገንዘቡን እንዲጠቀምበት መፍቀድዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከጂዳ ባንክ የወጣበት ደረሰኝ፣ እዚህ የገባበት መግለጫ፣ የእሷ የሥራ ውል ሁሉም ተቀምጠው ይቆዩ፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባል መልሱ በእጃችሁ ነው። በሰው በሰው የመጣው ግን ምንም ያህል እውነተኛ የላብ ዋጋ ቢሆን የሚናገርለት ወረቀት የለውም።

ከዘመድ ተበድሮ አሳይቶ መመለስ ያሉትን እንዲተዉት እንለምንዎታለን። ከባንክ ወይም ሕጋዊ ፈቃድ ካለው ተቋም የተወሰደ የትምህርት ብድር ተቀባይነት አለው፤ ከአጎትና ከጎረቤት የተሰበሰበ ግን ለማሳያ ብቻ የተቀመጠ ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። ከዚያም በላይ ልጁ እዚያ ደርሶ የሚበላው የሚያስፈልገው ያንኑ ገንዘብ ነው፤ ለባለቤቶቹ ከተመለሰ በምን ይኖራል?

ይህን ካልን በኋላ ያልጠየቁንን አንድ ነገር እንናገር። ያ ገንዘብ አንዲት ልጅ በስድስት ዓመት የሰው ቤት ሥራ ያጠራቀመችው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ ለእንግሊዝ መንግሥት የቺቭኒንግ ነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከት ይችል እንደሆነ ይይ፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሙሉ ወጪውን ይሸፍናል። ጀርመንም በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ የሚጠየቀው ለመኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ያም ገንዘብ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀ ለራሱ ለተማሪው ይመለስለታል። አንድ ዓመት መጠበቅ ለወጣት ልጅ ብዙ አይደለም፤ የእሷን ስድስት ዓመት ግን ማንም አይመልሰውም። በእንግሊዙ ከጸናችሁ፣ ልጁ ከማመልከቱ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በአዲስ አበባ በተፈቀደው ክሊኒክ ማድረግ እንዳለበት አይርሱ፤ የምስክር ወረቀቱ ለ6 ወር ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍላችሁ። የአባቴ ስም ሞሐመድ ነው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የምስክር ወረቀቴ በእንግሊዝኛ በ«ዩ» እና በአንድ «ኤም»፣ በፓስፖርቴ በ«ኦ» እና በሁለት «ኤም»፣ በፋይዳ መታወቂያዬ ደግሞ በ«ኦ» እና በአንድ «ኤም» ነው የተጻፈው። ትምህርት ቤቱ በሰጠኝ ትራንስክሪፕት ላይ የልደት ቀኔም እንደ ፓስፖርቴ አይደለም። ቪዛ ያስከለክለኛል?

መልስ፦ በወሎ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ተማሪ ያለ አይመስለንም፤ ሞሐመድ፣ ሰይድ፣ ይማም፣ ሁሴን የሚሉት ስሞች በየቢሮው እንደ ጸሐፊው ጆሮ ሲጻፉ ኖረዋል። የአንድ ፊደል ልዩነት ብቻውን ቪዛ አያስከለክልም። ቆንስሎች የኢትዮጵያን ስም ለብዙ ዓመት አይተውታል። የሚያስቸግረው ልዩነቱን አንተ ሳታውቀው እነሱ ሲያገኙት ነው።

ሁሉም ነገር የሚመዘነው በፓስፖርቱ ነው። የቪዛ ማመልከቻውን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ የቤተሰብ ስም የተባለውም መስመር ላይ ፓስፖርቱ የጻፈውን ሙላ። ዩኒቨርሲቲው የላከልህን የመግቢያ ደብዳቤና አይ-20 ተመልከት፤ በትራንስክሪፕቱ አጻጻፍ ከመጣ ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ ኢሜይል ጻፍና በፓስፖርቱ መሠረት እንዲያርሙልህ ጠይቅ፤ በየጊዜው የሚያደርጉት ነገር ነው። የትምህርት ማስረጃውን ማረም ካልተቻለ፣ በሁለቱ አጻጻፍ የሚጠራው አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሐላ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል አረጋግጠህ፣ ከነትርጉሙ ያዝ። በሰነዱ ላይ በእጅህ ምንም አትንካ፤ የተፋቀ አንድ ፊደል ንጹሑን ሰነድ ሐሰተኛ ያደርገዋል።

የልደት ቀኑ ግን ከስሙ ይበልጥ ያሳስበናል። ከደብዳቤህ ጋር የላክኸውን ቅጂ አየነው። በአማርኛው ጥር 21 ቀን 1997 ዓ.ም. ይላል፤ እሱም በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 29 ቀን 2005 ነው፤ ፓስፖርትህም ይህንኑ ይዟል፤ ትክክል ነው። እንግሊዝኛውን የጻፈው ሰው ግን ወሩን ብቻ ቀይሮ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ በመገልበጡ ጃንዋሪ 21 ቀን 1997 ሆኗል፤ ስምንት ዓመት አስረጅቶሃል። ይህን ትምህርት ቤቱ ራሱ ማረም ይችላል፤ ስህተቱ የእነሱ መሆኑ ከአማርኛው መዝገብ ላይ ይታያልና ርእሰ መምህሩ ዘንድ ፓስፖርትህን ይዘህ ቅረብ። ሌሎቻችሁም ፖስታውን አሽጋችሁ ከመላካችሁ በፊት ቀኑን በጣታችሁ እየጠቆማችሁ መርምሩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ባለው ጊዜ የተወለደ ሰው ዓመቱ ላይ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ ስምንት ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ከቆቦ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የተማርሁበት ትምህርት ቤት መዝገብ ተቃጥሏል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለውን ውጤት ጠየቁኝ። ከየት ላምጣው?

መልስ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የብሔራዊ ፈተና ውጤትሽ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ብቻ አይደለም ያለው፤ በአዲስ አበባ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ተመዝግቧል፤ ምስክር ወረቀቱንም ማረጋገጫውንም ከዚያ ጠይቂ። የክፍል ውጤቶቹን በተመለከተ፣ በእጅሽ ወይም በወላጆችሽ ዘንድ የቀሩ የውጤት ካርዶች ካሉ ሰብስቢያቸውና ትምህርት ቤቱ እንዲያረጋግጣቸው አድርጊ። መዝገቡ መቃጠሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱና ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አውጥተሽ፣ አስተርጉመሽ፣ ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ቅበላ ክፍል አሁኑኑ ላኪ። ከጦርነት የመጣ ተማሪ ለእነሱ አዲስ አይደለም፤ በብሔራዊ ፈተናውና በሌላ ፈተና ሊመዝኑሽ ይችላሉ። ይህን ለቪዛው ቀን አታቆዪው፤ ከመግቢያው በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። በዚሁ አጋጣሚ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ የወጪ መጋራቱን ጉዳይ ሳትጨርሱ ዋናውን ዲግሪና ይፋዊውን ትራንስክሪፕት ማግኘት እንደሚያስቸግራችሁ አውቃችሁ ወራት ቀድማችሁ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ የደሴ ልጅ ነኝ፤ አሁን አሜሪካ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ቪዛዬ ለሦስት ወር፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ስለነበር ጊዜው አልፏል፤ ሕገወጥ ሆንሁ ማለት ነው? ክረምት ላይ የወንድሜ ሠርግ ስላለ እናቴ «ነይልኝ» እያለችኝ ነው። ሁለተኛ፣ አንዲት የአገሬ ልጅ በምትሠራበት ምግብ ቤት ቅዳሜና እሑድ በጥሬ ገንዘብ እንድሠራ ጠርታኛለች። ገንዘቡ በእውነት ያስፈልገኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ ሕገወጥ አልሆንሽም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ መግቢያ ብቻ ሆኗል። ነገር ግን ቪዛው የሚናገረው እስከ መቼ ወደ አገሩ መግባት እንደምትችዪ እንጂ እስከ መቼ መቆየት እንደምትችዪ አይደለም። የመቆያሽ ፈቃድ አይ-94 በሚባለው ወደ አገሩ የመግቢያ መዝገብሽ ላይ ያለው ነው፤ አውጥተሽ እዪው። በቀን ፋንታ «ዲ/ኤስ» የሚል ከሆነ ትርጉሙ በሙሉ ሰዓት እየተማርሽና አይ-20ሽ እየጸና እስካለ ድረስ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከሆንሽ በሴሚስተር ከ12 ክሬዲት እንዳትወርጂ፤ ትምህርት ቢከብድሽ ኮርስ ከመሰረዝሽ በፊት የውጭ ተማሪዎች አማካሪዋን አስፈቅጂ፤ አድራሻ ስትቀይሪ በ10 ቀን ውስጥ አስመዝግቢ። ይህን «ዲ/ኤስ» የሚባለውን አሠራር አስቀርቶ የተወሰነ ቀን ለመተካት የአሜሪካ መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ረቂቅ ደንብ አውጥቷልና የአማካሪሽን መልእክቶች ሳታነቢ አትለፊ።

ስለ ሥራው፦ አትሂጂ። የተቸገርሽ መሆንሽን እናምናለን፤ ቢሆንም ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ፣ ለአንድ ቅዳሜ እንኳ፣ የተማሪነት ፈቃድሽን ያፈርሰዋል፤ በጥሬ ገንዘብ መከፈሉም አያድንሽም። ጓደኛሽ በቅንነት ነው የጠራችሽ፤ ምናልባት የእሷ ወረቀት ሌላ ነው። አንቺ በግቢው ውስጥ፣ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ትችያለሽ፤ በቤተ መጻሕፍቱና በምግብ አዳራሹ ጠይቂ፤ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቦታ ይገኛል። አንድ የትምህርት ዓመት ከሞላሽ በኋላ ደግሞ ያላሰብሽው ከባድ የገንዘብ ችግር እንደደረሰብሽ፣ ለምሳሌ የሚከፍልልሽ ሰው ሥራ ማጣቱን ወይም የብሩ ምንዛሪ መውደቁን፣ በማስረጃ ካሳየሽ ከግቢ ውጪ የመሥራት ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ብዙ ተማሪ ይህን አያውቅም። ማመልከቻው በአማካሪዋ በኩል ያልፋል፤ ፈቃዱ በእጅሽ እስኪገባ ግን ሥራ አትጀምሪ።

ሠርጉ ከሁሉ ይከብዳል። ከአሜሪካ ከወጣሽ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልግሻል፤ ያም ማለት እንደገና ቅጽ፣ ክፍያ፣ በአዲስ አበባ ቀጠሮና ቃለ መጠይቅ ነው፤ 214 ቢ ደግሞ ትምህርት ለጀመረም ተማሪ ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ መጽሐፍሽና ልብስሽ እዚያ፣ አንቺ ደሴ ትቀሪያለሽ። እናትሽ ታመው ቢሆን ኖሮ ሂጂ ባልንሽ ነበር፤ ለሠርግ ግን፣ ወንድምሽን ምንም ያህል ብትወጂው፣ በዚህ ዓመት ባትመጪ ይሻላል የሚል እምነት አለን። ለእናትሽም አንቺው ራስሽ ደውለሽ ቪዛው ለአንድ መግቢያ ብቻ እንደሆነ አስረጃቸው፤ በሌላ ሰው አፍ ከሰሙት ችላ ያልሻቸው ይመስላቸዋል። ለመምጣት ከወሰንሽም፣ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት በአዲስ አበባ ኤምባሲ የቀጠሮ ቀን መገኘቱን እዪ፤ አማካሪዋ በአይ-20ሽ ላይ የጉዞ ፊርማ ታኑርልሽ፤ የሴሚስተር ውጤትሽን፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝና የሚቀጥለውን ሴሚስተር ምዝገባ ይዘሽ ነይ፤ ቀጠሮሽንም በዕረፍቱ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ አድርጊው፤ ጉዳዩ ለተጨማሪ ማጣራት ቢቆይ እንኳ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ጊዜ ይኖርሻል።